ኡበይድ «አላገኘሁትም» ያለሽ ቀን

ለምወድሽ እናቴ፣

አሰላሙ አለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ከረምሽልኝ እማዬ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ቅባቱን ማታ ማታ ትቀቢያለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ለጎረቤት ሰጠሽው? ማሾው ተለቅሞ አለቀ? ፍየሏስ ወለደች? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የሮቢት ሙቀት ከብዷል እንጂ ሌላ ክፉ ነገር የለም። ኑርሃን የፊት ጥርሷ ወልቆ ስትስቅ አንቺን ትመስላለች።

በስልክ ልነግርሽ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። አንቺ ስልክ ስታነሺ ድምፁን ለቀሽ ነው፤ ቤት ያለው ሰው ሁሉ አብሮሽ ይሰማል። ይህ ግን ላንቺ ብቻ ነው። እትዬ አበራሽ፣ ገበያ ላይ ሽንኩርት የሚሸጡት ጎረቤቴ፣ ማሾ ሊገዙ ወደ ማጀቴ ስለሚሄዱ በእጃቸው ልኬልሻለሁ። በመሠረተ ትምህርት የቆጠርሽው ፊደል ዛሬ ይጥቀመን። በርሽን ዘግተሽ ቀስ ብለሽ አንብቢው። ወንድሜ ኡበይድ እንዳያየው። ከሰው ሁሉ እሱ እንዳያየው።

«ያን ሰው ትተሽ ልጅሽን ይዘሽ ነይ፤ ቤቴ ይበቃሻል» ካልሽኝ ቆየሽ። ከአንጀትሽ እንዳልሽው አውቃለሁ። መልስ ያልሰጠሁሽ ንቄሽ አይደለም፣ የምለው ጠፍቶኝ ነው። አሁን ልመልስልሽ።

የረድዋንን እጅ ታውቂዋለሽ። ገና ሲያገባኝ ማጀቴ የሚመጣው ሁለት እጁ ሞልቶ ነበር፤ አንቺም እየሳቅሽ «ይህ ልጅ እጁ ቀዳዳ ነው» ትይው ነበር። ያኔ ሁላችንም ሳቅን። የባሰበት አጣዬ የነበረው ሱቁ ከተቃጠለ ወዲህ ነው። እኔ ለክፉ ቀን ትንሽ እናስቀምጥ ባልኩት ቁጥር «ያስቀመጥኩት እኮ ነው የተቃጠለው፤ ያበላሁት አልተቃጠለም» ይለኛል። ግን የቤት ኪራይ ቀን አይጠብቅም። ሽንኩርት ሸጦ የገባ ቀን የገበያውን ሰው ሁሉ ምሳ ይጋብዛል፤ የማያውቀው ሰው ሰርግ ላይ ሳይቀር እጁን ይዘረጋል፤ ለኑርሃን ጫማ እያላት ሌላ ጫማ ይገዛል። ጎድሎ ሲያገኘው ይበደራል። ስንት ቀን ተጣልተን ስንት ቀን ጀርባ ተሰጣጥተን እንደተኛን እኔና እሱ ነን የምናውቀው።

ከዚያ የኡበይድ ገንዘብ መጣ። ወንድሜ በብየዳ ዓይኑ እየቀላ ከሙሀባ ጋር ለሚያስረው ኒካህ ያጠራቀመውን ረድዋን «ለአንድ ምርት ብቻ» ብሎ ተበደረው። ሽንኩርቱን ማሳ ላይ እንዳለ ገዛው። ያለ ወቅቱ የዘነበውን ዝናብ አንቺም አይተሻል፤ ሽንኩርቱ መሬት ውስጥ በሰበሰ። የተረፈውን ለማጓጓዣው እንኳ በማይበቃ ዋጋ ሸጠው።

የአረፋ ዕለት የሆነውን አልደግምልሽም፤ አንቺም ስታለቅሺ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ልበል። ረድዋን ያን ሙክት በዱቤ ገዝቶ ወደ ቤትሽ ይዞ ሲገባ እኔም ተናድጄበት ነበር። ኡበይድ በዘመድ ፊት «የሰው ገንዘብ ይዘህ በግ ታርዳለህ?» ብሎ ሲጮህበት ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ። እህል ሳንቀምስ ወጣን። መኪናው አጣዬ ሲደርስ ረድዋን ሱቁ ወደነበረበት አየና «ኡበይድ ልክ ነው» አለኝ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ያለውን ነው አንቺ የማታውቂው።

ሞተር ሳይክሉን ሸጠ፤ በሱ የበጉን ዱቤና የከረመውን ኪራይ ከፈለ። ትልቁንም ስልክ ሸጠ። ከሱብሂ ሰላት በኋላ ይወጣል፤ ማታ ነው የሚመለሰው። ምን ጀመርክ ስለው «ድለላ» አለኝ። የሚያመጣትን ብር ከሁለት ይከፍላል፤ ግማሹን በወተት ጣሳ ውስጥ ይከትና «ይህ የኡበይድ ነው፤ ብንራብም አትንኪው» ይለኛል። እጁ ቀዳዳ የነበረው ሰው ጣሳዋን እንደ ልጅ ይጠብቃታል። ታዲያ አንድ ቀን ሸሚዙን ሲያወልቅ ትከሻው ላይ ተጣብቆ አልላቀቅ አለው። «አጥር ጫረኝ» አለ። እኔም አጥር የት አገኘህ አላልኩትም። ውሃ አሞቅኩና ጨው ጨምሬ ቁስሉን አጠብኩለት።

በሳምንቱ ገበያ ወረድኩ። ከእትዬ አበራሽ ዳስ አጠገብ አይሱዙዎች ሽንኩርት ይጭናሉ። ከተሸካሚዎቹ አንዱ ጆንያ ተሸክሞ፣ ፊቱን በሻሽ ሸፍኖ በአጠገቤ አለፈ። የባሌን አረማመድ አጣዋለሁ እማዬ? ምሳ ሲጋብዛቸው የነበሩት ነጋዴዎች «ቶሎ በል እንጂ!» ይሉታል። እሱም ቶሎ ይላል። እንዳያየኝ ብዬ ከዳሱ ጀርባ ተሸሸግሁ። እትዬ አበራሽ አዩኝ። ትከሻዬን ይዘው ወደ ሽንኩርቱ ክምር አዞሩኝና «ሽንኩርት ነው ዓይን የሚያቃጥለው ልጄ፤ ወደዚህ ዙሪ፣ ሰው ቢያይሽም ሽንኩርት ነው» አሉኝ። እንባዬን እዚያው ጨረስኩ። ማታ ሲመጣ «ድለላው እንዴት ዋለ?» አልኩት። «አልሐምዱሊላህ» አለኝ።

አሁን የኡበይድን ልንገርሽ።

«የሙሀባ ቤተሰብ ቀን ቁረጡ እያሉ ነው፣ ድንኳኑ ሊያዝ ነው፣ ሂድና ገንዘብህን ይዘህ ና» ብለሽ የላክሽው ቀን ጠዋት ቤቴ ደረሰ። ፊቱ ጠቁሮ ነበር። አልተቀመጠም። «ረድዋን የት ነው?» አለኝ። ገበያ ነው አልኩት። «ዛሬ በሚያውቁት ሰው ሁሉ ፊት ነው የምጠይቀው፤ እሱ በሰው ፊት ነው መስጠት የሚወደው፣ በሰው ፊት ይመልስልኝ» አለ። እግሩ ላይ ወደቅኩ። ወንድሜ ነው ግን ያን ቀን አላወቅኩትም። ጥሎኝ ወጣ።

የዙህር ሰላት አለፈ። የአስር ሰላት አለፈ። እኔ በር ላይ ተቀምጬ ጩኸት እጠብቃለሁ። ጀምበር ልትጠልቅ፣ ወደ መግሪብ ሲቃረብ ኡበይድ ብቻውን መጣ። ውሃ ጠየቀኝ፤ ጠጣና ደገመ። ከዚያ መሬት መሬት እያየ «አላገኘሁትም» አለኝ።

ላንቺም እንደዚያው ነው ያለሽ። እውነቱን ልንገርሽ። ለሽምግልናው የገዛሽለት ነጭ ሸሚዝ ከትከሻው እስከ ወገቡ ቀይ አፈር ሆኖ ነበር። ጸጉሩ ውስጥ የሽንኩርት ልጣጭ ተሰክቷል። ገበያው ውስጥ ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ ጭራሽ ባይነጋገሩም አይገርመኝም። እኔ የማውቀው ወንድሜ ሊያዋርደው ሄዶ አብሮት ተሸክሞ እንደዋለ ነው። ውሃ አፈሰስኩለት፤ የረድዋንን ንጹህ ሸሚዝ ሰጠሁት፤ የሱን አጥቤ አሰጣሁት። ቆሻሻው አልለቅ ብሎኝ ነው ሸሚዙ እንደዚያ ሆኖ የመጣልሽ፤ መኪና ላይ ነው የቆሸሸው ካለሽ እመኚው።

ጥቂት ቆይቶ ረድዋን ገባ። «አሰላሙ አለይኩም፤ መቼ መጣህ?» አለው። ኡበይድም «ወአለይኩም ሰላም፤ አሁን ገና» አለ። ሁለቱም መዋሸት አያውቁበትም። እራት በአንድ ሳህን አቀረብኩ። ሁለቱም ቀኝ እጃቸውን ወደ አፋቸው ለማድረስ ሲያቃስቱ ኑርሃን «አጎቴም አባቴም እጃቸውን አሟቸዋል?» አለች። ኡበይድ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ረድዋን። እኔ ወደ ጓሮ ወጣሁ፤ መሳቄ ይሁን ማልቀሴ ለኔም አልለየልኝም።

በማግስቱ መነኻሪያ ስሸኘው ኡበይድ እጄን ያዘኝና «እህቴ፣ በቻለው መጠን ቀስ ብሎ ይስጠኝ። ሙሀባን አናግሬያታለሁ። እሷ ድንኳንም ያጌጠ መኪናም አልፈለገችም፤ ኒካሁ ይበቃናል ብላኛለች። እናቴን ግን እንዴት ብዬ ልንገራት?» አለኝ። ይኸው ያንን ቃል ላደርስልሽ ነው የጻፍኩት።

እማዬ፣ አፉ በይኝ። ለምን ትልቅ ሰርግ እንደፈለግሽ አውቃለሁ። አባባ ከሞተ ወዲህ በቤትሽ ከበሮ አልተመታም። «ባሏ ሞቶ ልጆቿን እንደ ሙት ልጅ ዳረች» እንዳይሉሽ ትፈሪያለሽ። ግን ያ ድንኳን የሚቆመው በምሰሶ አይደለም፣ በሁለት ልጆችሽ ትከሻ ላይ ነው። ረድዋንንም ልጅሽ ብዬ ቆጥሬዋለሁ፤ አትቆጪኝ። ኒካሁ ቤትሽ ይሁን። እኔ ቀደም ብዬ እመጣለሁ፤ ጎረቤቱን ይዤ አበስላለሁ። ከበሮ ደግሞ ኪራይ የለውም፤ እስኪነጋ እንመታልሻለን። እስቲ ኡበይድን አንድ ቀን ጠርተሽ ከራስሽ እንደመጣ አድርገሽ «ሰርጉን ቀለል ብናደርገውስ?» በይው። ፊቱን እይው።

ወደ ቤትሽ ነይ ያልሽኝን አልመጣም። ቤትሽ ጠቦኝ አይደለም። ረድዋን መልአክ ሆነ ብዬም አይደለም፤ ትናንት እንኳ የጣሳዋን ድርሻ ሳይነካ በቀረችው ብር ትልቅ ሐብሐብ ተሸክሞ መጣ። ተጣላን። ከዚያ ቆርሰን በላነው፤ ጣፋጭ ነበር።

ይህን እየጻፍኩ ሳለ ገባ። እግሩን እየታጠበ ለማን እንደምጽፍ ጠየቀኝ። ለእናቴ አልኩት። እሱም «ሰላም በይልኝ፤ ንግዱ ጥሩ ነው በያት፤ እንዳታስብ» አለኝ። እንግዲህ አደራ አይበላምና እሱ እንዳለው ጽፌዋለሁ፦ ረድዋን ሰላም ብሎሻል፤ ንግዱ ጥሩ ነው፤ እንዳታስቢ። ስታገኚውም ንግድ እንዴት ነው ብለሽ ጠይቂው፤ ደስ ይለዋል።

አላህ ጤናና ረጅም ዕድሜ ይስጥሽ። ከበርሽ ሰው አይጥፋ፤ ከጓዳሽ በረካ አይጉደል። ዱዓሽ አይለየን። ሁለቱንም ጉልበትሽን ስሜያለሁ።

የምትወድሽ ልጅሽ፣
የኑርሃን እናት
ሸዋ ሮቢት