ቤታችን የለበሰው ነጠላሽ

ውድ እህቴ ተናኜ፣

አባባ ሙላው «እንደምን አለሽ» ብሎ ያልጀመረ ደብዳቤ ደብዳቤ አይደለም ይላሉ። እኔ ግን ከባሕሩ ዳር ደውለሽ «ነገ እንሻገራለን» ካልሽን ከፋሲካ ጀምሮ ይህንኑ ጥያቄ በቴሌግራም ስልክልሽ ስታነቢው ሁለት የምትሆነው ምልክት አንድ እንደሆነች ቀርታለች። ስለዚህ ዛሬ አልጠይቅሽም፤ ወሬ ልንገርሽ። ወረቀቱን ፎቶ አንሥቼ እዚያው እልከዋለሁ፤ ስልክሽ የተከፈተ ቀን ታነቢዋለሽ።

ቤታችን ለብሷል።

ገበያው ጥግ የሰው ቀሚስ እየሰፋሽ «የእኛ ሰው ጉድ ነው፤ ራሱ ለበዓል በጥበብ ያጌጣል፣ ቤቱን ራቁቱን ያስቀምጠዋል» ትይኝ አልነበር? ከሳውዲ ስትመለሺ የቤት ልብስ የሚሰፋበት ሱቅ እንደምትከፍቺ፣ እኔንም በነጻ እንደምታሠሪኝ ነግረሽኛል። «በነጻ» የምትለዋን ባልወዳትም ሥራውን ጀመርሁት።

መጀመሪያ ግድግዳው። የተረፈ ቀለም ለምኜ ወገቡ ላይ እንደ መቀነት ዙሪያውን ጥለት ሣልሁለት። ከስፌትሽ ከተረፈ የጥለት ቁርጥራጭ ነው የገለበጥሁት፤ ቀጫጭኑን መስመር ግን አሰፋሁት፣ አረንጓዴውንም ሰማያዊ አደረግሁት። ከዚያ የእማዬ ያረጀ ቀሚስ ደረቱ ላይ ያለው ጥልፍ የሶፋ ትራስ ሆነ። አሁን እማዬ ማንም እንዲደገፈው አትፈቅድም፤ «ደረቴ ነው» ትላለች። የአባባን ዳር ዳሩ የተበላ ጋቢ ደግሞ ለፕላስቲኩ ወንበር ሰፋሁለት፣ ዘርፉን ከኋላው አንጠልጥዬ።

አባባ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ወንበሩን ዞረው ዞረው አዩት።

«ይኼ ሰውዬ ማን ነው?»

«ወንበር ነው አባባ።»

«መቼ ነው የሚቆርበው?»

«እርስዎ በቆረቡ ማግሥት።»

«አንች ጉደኛ፣ ጋቢዬን ከምትቆርጪ ምላስሽን ብትቆርጪው» አሉኝና ተቀምጠውበት አንቀላፉ።

ለመስኮቱ ግን የሚሆን አጣሁ። የቀረው ያ ነጠላሽ ብቻ ነበር፤ ብርቱካንማ ጥለት አስመርጠሽ ያሠራሽው፣ ሰፈሩ ሁሉ ከሩቅ የሚለይሽ በእሱ። «በበረሃ መንገድ ነጭ አይለበስም» ብለሽ ሳጥኑ ላይ ትተሽው ሄድሽ። እማዬ «ባለቤቷ ትለብሰዋለች» ብላ ማንንም አታስነካም ነበር። እኔን ደግሞ ታውቂኛለሽ። ሳልቆርጠው፣ መርፌ ሳላስነካው፣ በልብስ መቆንጠጫ ሰቀልሁት። እማዬ ተወችኝ። ጠዋት ጠዋት ነፋስ ሲነፋው ግን ቆማ ስታየው አያታለሁ።

ጥፋቱ የመጣው ከዚያ ነው። ጥለቱ ታች ሆኖ ከሶፋው ጀርባ ተደበቀብኝ። አንድ ቪዲዮ ላይ ያየሁት መጋረጃ ትዝ አለኝና ገለበጥሁት፤ ጥለቱ ወደ ላይ። ወጥቼ ከመንገድ አየሁት፤ ያምራል። ነጠላ የሚዘቀዘቀው ለለቅሶ መሆኑን ማን ያጣዋል? ሰው ትከሻ ላይ ቢሆን እኔም አይጠፋኝም። መስኮት ያለቅሳል ብዬ ግን አላሰብሁም።

ጎረቤታችን እትዬ ሳሊሀ ከገበያ ስትመለስ ከመንገዱ ማዶ አየችው። የቲማቲም ዘንቢሏን መሬት አስቀምጣ መጣች። ልታደንቅልኝ መስሎኝ በሩ ላይ ተጎልቼ ጠበቅኋት።

«መቼ ሰማችሁ?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«አትደብቂኝ ልጄ። የእሷው ነጠላ አይደለም እንዴ» አለችና ስምሽን ጠርታ ጮኸች።

ጩኸቷን የሰሙ ሴቶች ነጠላቸውን እየዘቀዘቁ መጡ። እኔ «ኧረ ስሙኝ» ብል ማን ይስማኝ። በዚህ መሀል እማዬ ዱቄቷን አዝላ ከወፍጮ ቤት መጣች። ሴቶቹ እማዬ የሰማች መስሏቸው ያለቅሳሉ፤ እማዬ ደግሞ መርዶ ይዘው የመጡ መሰላት። ዱቄቱን አልጣለችውም። ቀስ ብላ አወረደችውና አጠገቡ አፈሩ ላይ ተቀመጠች።

«ንገሩኝ» አለች። «በቃ፣ ንገሩኝ።»

ተናኜ፣ እኔ «ኔትወርክ የለም» እላለሁ። እማዬ «ሥራ በዝቶባት ነው» ትላለች። አባባ «ወጣት መቼ ሰው ያስታውሳል» ይላሉ። ለካ ሦስታችንም ስንሸነጋገል ነው የኖርነው። እማዬ «ንገሩኝ» ስትል ድምፅዋ የተዘጋጀ ድምፅ ነበር፤ ብዙ ጊዜ ለብቻዋ ያለችው።

«መጋረጃ ነው» አልሁ። ለቅሶው ዋጠው። ደግሜ «መጋረጃ ነው፤ እኔ ነኝ የዘቀዘቅሁት። ምንም አልሰማንም» አልሁ።

አባባ ያንን ጋቢ የለበሰ ወንበር እየጎተቱ ወደ መስኮቱ ሄዱና ወጡበት። እኔ ወገባቸውን ይዣለሁ። መቆንጠጫውን አንድ በአንድ ነቅለው ነጠላውን አቃኑት።

«ወሬ አልመጣም» አሉ ለሴቶቹ። «እናንተም ነጠላችሁን አስተካክሉ።» ሲወርዱ የወንበሩን ጀርባ ቸብ ቸብ አደረጉና «ዛሬስ ቆረበ» አሉ።

እማዬ አፈሩ ላይ እንደተቀመጠች ሳቀች። ሳቋ በኋላ ምን እንደሆነ አልጽፍልሽም። እኔን ማንም አልተቆጣኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ መስኮታችን የሰፈሩ ወሬ ነጋሪ ሆኗል። የሚያልፍ ሁሉ መጀመሪያ ጥለቱን ያያል። እትዬ ሳሊሀ ስላንቺ መጠየቅ ትታለች፤ ከማዶ ቀና ትልና «አልሐምዱሊላህ» ብላ ታልፋለች። እማዬ ሚኒባስ በቆመ ቁጥር ነጠላውን በጣቷ ገለጥ አድርጋ የሚወርደውን ሰው ታያለች። ከዚያ ትመልሰውና ጥለቱን ታስተካክለዋለች፣ ልክ በዓል ልትሄጂ ስትነሺ ከኋላሽ እንደምታስተካክልልሽ።

ሱቁን ተይው። ሳውዲንም ተያት። ነጠላሽ አንድ ክር አልጎደለበትም። መጥተሽ ራስሽ አውርጂውና ትከሻሽ ላይ ጣይው፤ መስኮቱ ራቁቱን ቢቀር ግድ የለኝም።

እስክትመጪ ጥለቱ ታች ነው። ማንም መጥቶ ምንም ቢለኝ አልዘቀዝቀውም።

በነጻ የምትሠራልሽ እህትሽ፣
ፍሬዓለም
ቆቦ