የለም ለተባለ ሰው የተጻፉ ሦስት መልእክቶች

ይድረስ ለተከበሩ ዶክተር መርሰር ሃድሊ፣
የዩኒቨርሲቲያችን የኮምፒውተር መረብ አጠቃቀም ኮሚቴ ሊቀመንበር
ዱሉዝ፣ ሚኒሶታ፤ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 21 ቀን 1988

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የኮሚቴዎን አባላት ጤንነት በአክብሮት እጠይቃለሁ፤ ሐይቁ በረዶ ሳይሠራ ብርዱ ቀድሞ በገባበት በዚህ ሰሞን ጉንፋን እንዳልደፈራችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። በፊዚክስ ክፍል ወርክሾፕ ሃያ ሁለት ዓመት መሣሪያ ስጠግን የኖርኩት እኔ ኦሪን ሊንዳል ግን ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽዎትም።

የምጽፈው ለማመስገን ነው። በመንግሥት በጀት የተዘረጋው መረብ ለምርምር እንጂ ለገበያ እንዳልሆነ የሚደነግገው ደንባችሁ የንግድ ማስታወቂያ ከሚባል መቅሠፍት ጠብቆናል፤ በዚህ ግቢ በደንቡ የተያዘው የመጀመሪያው ነጋዴ እኔ ሆኜ በመገኘቴም ክብር ይሰማኛል። ይህን ደብዳቤ በየሕንፃው መግቢያ የለጠፍኩት ሌላው ሠራተኛ ከእኔ እንዲማር ብዬ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ጥፋቴ። በሴፕቴምበር መጨረሻ በመረቡ የታንኳ ወዳጆች በሚወያዩበት ሰሌዳ ላይ አንድ የማላውቀው ሰው የተሰነጠቀ ታንኳ የት እንደሚጠገን ጠየቀ፤ እኔም «ክሌይተን ሱቅ ውሰደው፣ የእኔን እንደ አዲስ አድርጎልኛል» ብዬ መለስኩለት። እንደሚያውቁት በመረቡ ላይ ሱቅ ያመሰገነ ሁሉ ከሥር «ከሱቁ ጋር ምንም ግንኙነት የለኝም፤ ደስ ያለኝ ደንበኛ ብቻ ነኝ» ብሎ መጻፍ ልማዱ ነው። ክሌይተን ግን የአክስቴ ልጅ ነው። ስለዚህ እውነቱን ጻፍኩ፤ «የአክስቴ ልጅ ነው፤ በየገናው አንድ ቆርቆሮ ቫርኒሽ በነጻ ይሰጠኛል» አልኩ። ኮሚቴውም ቫርኒሹን የንግድ ጥቅም ብሎ ቆጠረው። ከእኔ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ያንኑ ሱቅ ያመሰገነው የክሌይተን የገዛ አማች ግን ልማዱን ጠብቆ «ምንም ግንኙነት የለኝም» ስላለ እስከ ዛሬ ማንም አልነካውም።

ሁለተኛ፣ ስለ ቅጣቴ። ኦክቶበር 8 ቀን ለአራት ሳምንት ከመረቡ ስታገድ ወደ ቢሯችሁ መጥቼ፣ ለሚጽፍልኝ ሰው «ለጊዜው የለም፣ ይመለሳል» የሚል ምላሽ ብቻ እንዲደርሰው ለመንኩ። ጸሐፊያችሁ ወይዘሮ ግዌን ኦስትቢ ደግ ሴት ናቸው፤ ቀና ብለው ሊያዩኝ አልቻሉም። «ኦሪን፣ እኔ ምን ላድርግልህ? ማሽኑ የሚያውቀው ሁለት ነገር ነው፤ አለ ወይም የለም» አሉኝ። በዚሁ መሠረት የለም ተባልኩ።

ሦስተኛ፣ ስለ እኅቴ። ታላቅ እኅቴ ቬርና ኦሪገን ውስጥ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ትሠራ ነበር። ከልጅነቷ ጀምሮ ጆሮዋ ስለማይሰማ በስልክ አውርተን አናውቅም። መረቡ ከመጣ ወዲህ ግን አምስት ዓመት ሙሉ በየማለዳው ስንጨዋወት ኖረናል፤ ስለ አየሩ፣ ስለ ጉልበት ሕመማችን፣ እናታችን ከሁለታችን ማንን ታበልጥ እንደነበር። እኅት እንዳለችኝ በደንብ ያወቅሁት በእነዚያ ዓመታት ነው።

በታገድኩ በሁለተኛው ሳምንት ታመመች። ማረፏን የሰማሁት የሥራ ባልደረባዋ ከላከችልኝ ፖስታ ነው፤ ቬርና ለእኔ ጽፋ የተመለሱባትን ሦስት መልእክቶችም በወረቀት ታትመው ጠረጴዛዋ ላይ አግኝታ አብራ ልካልኛለች።

የመጀመሪያው፦ «አንተ ልጅ፣ ሐኪሞቹ ሆዴ ውስጥ የማይረባ ነገር አገኘን ይላሉ። አትደንግጥ እሺ? ያቺ ያስጠገንካት ታንኳ ደህና ናት ወይስ አሁንም ውሃ ታስገባለች?»

ሁለተኛው፦ «ማሽኑ እንዲህ የሚባል ሰው የለም አለኝ። ስምህን አሳስቼ ይሆናል ብዬ ደግሜ ጻፍኩ። ምነው፣ ተቀየምከኝ?»

ሦስተኛው ሆስፒታል በገባችበት ቀን የተጻፈ ነው፦ «ኦሪን፣ አለህ?»

ማሽናችሁ ለሦስቱም ያለ አድልዎ አንድ ዓይነት መልስ ሰጥቷታል። ኖቬምበር 3 ቀን አረፈች፤ የእኔ እገዳ የተነሣው በ5 ነው።

ሁሉን በእናንተ ላይ መጫን አልፈልግም። ፖስታ ካርድ ኦሪገን ለመድረስ አራት ቀን ቢፈጅበት ነው፤ በታገድኩ ዕለት ብጽፍላት ኖሮ ይደርሳት ነበር። አልጻፍኩም። አፈርኩ። ስልሳ ዓመት ሊሞላኝ ምን ቀረኝ፣ እንደ ተማሪ ተቀጣሁ ብዬ ለእኅቴ መንገር ሞት መሰለኝ፣ አራት ሳምንት ምን አላት አልኩ። ይህ የእኔ ድርሻ ስለሆነ ለኮሚቴው አላቀርበውም፤ ከእኔው ጋር ይኖራል። ከኮሚቴው የምለምነው አንድ መስመር ነው፤ የታገደ ሰው መልእክት እንዲቀመጥለት፣ ላኪውም ሰውየው እንዳለ እንዲነገረው በደንባችሁ ላይ ይጨመር።

ለመረባችን ንጽሕና ስለደከማችሁት ድካም ሁሉ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ከኖቬምበር 5 ጀምሮ በኮሚቴው መልካም ፈቃድ እንደገና አለ የተባልኩት ታዛዣችሁ፣

ኦሪን ሊንዳል

ድኅረ ጽሑፍ፦ የቬርናን የመታሰቢያ ቀን በመረቡ ላይ ላሳውቅ ስላሰብኩ ረቂቁን ለፈቃድ አያይዣለሁ። የአበባ መሸጫውንና የዳቦ ቤቱን ስም አውጥቻለሁ። ዳግመኛ እንዳላጠፋም ከሥሩ ልማዱን ጠብቄ «ከሟቿ ጋር ምንም ግንኙነት የለኝም» ብዬ ጽፌያለሁ።