ስለተወሰደው ቡልኮ፣ ለአጥርና ዕይታ ማስተካከያ ጽሕፈት ቤት

ለአጥርና ዕይታ ማስተካከያ ጽሕፈት ቤት ክቡር ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤና እየተመኘሁ፣ ይህ ደብዳቤ ምሳዎን ማንም ሳይቆጥርብዎት በልተው፣ መጋረጃዎን ጋርደው፣ ጎንዎን አረፍ ባደረጉበት ሰዓት እንዲደርስዎ እመኛለሁ። እኛ ደህና ነን፤ ደህና መሆናችንንም ከቡታጅራ ወደ እንሴኖ የሚያልፍ መንገደኛ ሁሉ ሊመሰክር ይችላል።

ሀብተወልድ አዳነ እባላለሁ፤ ከእናቴ ከወይዘሮ አዛለችና ከባለቤቴ ከሰገነት ጋር በመንገዱ ዳር እኖራለሁ። መሥሪያ ቤትዎ ለከተማ ውበት ሲል የቆርቆሮ አጥራችንን አንስተን ውስጡን በሚያሳይ የብረት ፍርግርግ እንድንተካ ስላዘዘን፣ ከዚያ ወዲህ ያገኘናቸውን ጥቅሞች በተራ ቁጥር ለማቅረብ እወዳለሁ።

፩. በቅርቡ ከሰገነት ጋር ተኳርፈን ነበር። በቆርቆሮው ዘመን ቢሆን አኩርፈን ተኝተን ጠዋት እንረሳው ነበር። አሁን ግን ፊቷን አዙራ ልብስ ስታሰጣ ያየ አንድ የባጃጅ ሾፌር ወሬውን ገበያ አድርሶት ኖሮ፣ ከሰዓት በኋላ የእድራችን ሽማግሎች ሊያስታርቁን መጡ። እኛ ቀድመን ታርቀን ነበር፤ ሆኖም አዛውንቶቹ በዚያ ፀሐይ ለፍተው መጥተው በከንቱ እንዳይመለሱ ብለን እንደገና ለመኳረፍ ተገደድን። ሁለተኛው ኩርፊያ ከመጀመሪያው የጠና ስለነበረ፣ በሩብ ዓመቱ ሪፖርትዎ ውስጥ እንደ አንድ ክንውን እንዲያዝልን በትሕትና እጠይቃለሁ።

፪. ጎመን ስንከትፍ በጣም አደቀቃችሁት የሚሉን መንገደኞች በርክተዋል። ለምክራቸው እግዜር ይስጥልን።

፫. ጎረቤታችን ወይዘሮ ዛህራ በገዛ ግቢዋ ፀጉሯን ፈታ ታጥብ የነበረች ሴት፣ ዛሬ ድስት ለማለቅለቅ እንኳ ገበያ እንደምትሄድ ለብሳና ተሸፋፍና ትወጣለች። ከተማዋ በዚህ ምን ያህል እንዳማረች እርስዎ ያውቃሉ።

፬. ይህኛው ስለ እናቴ ነው፤ እዚህ ላይ ቀልዱ ትንሽ ቢያንሰኝ ይቅር ይበሉኝ። እናቴ እግሯ አልታዘዝ ካላት ቆይቷል፤ ጤና ጣቢያ የነገሩን መፍትሔ ጠዋት ጠዋት እግሯን ገልጠን፣ በቅባት አሽተን፣ ፀሐይ እንድናስመታት ነው። ለዓመታት አልጋዋን ወደ ግቢ እያወጣን እንዲሁ ስናደርግ ኖረናል፤ ከቀኗ ሁሉ የምትወዳትም ሰዓት ያቺ ነበረች። እናቴ ግን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ቆሞ የሚያከብራት ሴት ስለሆነች፣ ባዶ እግሯን ለባጃጅ ተሳፋሪ ማሳየት አልሆንላት አለ። ስለዚህ ቡልኮዋን በአልጋዋ ልክ ፍርግርጉ ላይ ሰቀልንላት። ደንብ አስከባሪዎችዎ ዕይታ ከልላችኋል ብለው ቀጡን፤ ቡልኮውንም ይዘው ወደ መጋዘንዎ ሄዱ። በማግስቱ ሰገነትና ዛህራ ነጠላቸውን ግራና ቀኝ ዘርግተው ሊጋርዷት ቢሞክሩ፣ ምን ተፈጠረ የሚል ሰው ከመንገዱ ማዶ ሳይቀር ተሰበሰበ። እናቴ ወደ ቤት መልሱኝ አለች፤ ከዚያ ቀን ወዲህ አልወጣችም። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች፣ እግሯም እያበጠ ነው። ክቡር ሆይ፣ አንጀቴ አሯል፤ ይህን በጨዋ ቋንቋ የምጽፍበት መንገድ ፈልጌ አጣሁ።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ ፳፮ የሰው የግል ሕይወት እንዲከበር ይደነግጋል። ምናልባት መጽሐፉ ድፍን ሽፋን ስላለው ውስጡን ለማየት አልተመችዎት ይሆናል፤ በዚህ አልወቅስዎትም። እኔም አጥሩን መልሱልኝ አልልም፤ ውበት ይቆየን። የምለምነው ያ ቡልኮ እንዲመለስልንና በአልጋ ስፋት ብቻ፣ በጠዋት ብቻ እንድንሰቅለው እንዲፈቀድልን ነው።

ከውስጥም ከውጭም የሚታይ ታዛዥዎ፣ ሚስጥር የሌለው ነዋሪዎ፣
ሀብተወልድ አዳነ

ግልባጭ፦
ለመንገደኛው ሁሉ (ቀድሞ ያውቀዋል)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለእርስዎ እንደምጽፍ ስነግራት እናቴ ስምዎን ሰምታ ከተኛችበት ቀና አለች። ወላድ ሁሉ ሐኪም ቤት በማይሄድበት በዚያ ዘመን የሰፈራችን አዋላጅ እሷ እንደነበረች እናትዎ ነግረውዎት ይሆናል፤ እርስዎንም የተቀበለችው እሷ ናት። ያን ቀን ሥራዋን ከመጀመሯ በፊት የእናትዎን በር የከለለችው በዚሁ፣ አሁን መጋዘንዎ ውስጥ ባለው ቡልኮ ነበር። ለእሱም መቀጣት ካለባት ትከፍላለች። ከቡልኮው በስተጀርባ ያየችውን ግን ለእኔ ለልጇ እንኳ እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።