ላንጋኖ ላይ ያጨበጨቡልን ቀን

ጥር 6 ቀን 2006፣ ቡታጅራ

መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። በእግር መኪናው ስሰፋ ዋልኩ። የጥር ሙሽሮች እረፍት አይሰጡም… የሚዜዎቹን ቀሚስ ወገቡ ጠበበ ብለው መልሰውታል። ስለካቸው ሆዳቸውን ስበው ይቆማሉ፣ ከዚያ ሰፊዋ አበላሸችው ይላሉ።

ሙከሚል ከሱቅ ሲገባ ወረቀት ይዞ መጣ። ባዛሩ ላይ ክራቫት ያሰሩ ልጆች ናቸው የሰጡት። ላንጋኖ፣ ሐይቁ ዳር፣ አዲስ ሪዞርት። ሁለት ሌሊት በሩብ ዋጋ።

"ምን ፈልገው ነው?" አልኩት።

"ገለጻ አለ። ቁጭ ብለን እንሰማለን፣ በቃ። ግን ባልና ሚስት አብረው ካልመጡ አይሆንም።"

ቆርቆሮና ሚስማር ሲሸጥ የሚውል ሰውዬ… ሪዞርት? ከተጋባን ጀምሮ ከቤት ውጪ ያደርነው ለለቅሶና ለሠርግ ብቻ ነው። ያውም እሱ ከወንዶቹ፣ እኔ ከሴቶቹ ጋር።

"እንሂድ?" አለኝ። መልሼለት ሳልጨርስ ደግሞ "እንሂድ?" አለኝ። ምን ነካው?

ጥር 15

ፈቲሀ ሳቀችብኝ። ሱቋ ከሱቄ ጎን ነው፣ ሽቶና ሻሽ ትሸጣለች፣ የማትሰማው ወሬ የለም። "ነጻ የሚባል ነገር የለም። ብዪ፣ ጠጪ፣ ተኚ። እንዳትፈርሚ ብቻ" አለችኝ።

ለራሴ ቀሚስ ቆረጥኩ። ቢጫ። ለራሴ የሰፋሁት መቼ ነበር? መቀሱን ከማሳረፌ በፊት ሁለቴ ለካሁ፣ የሰው ቢሆን አንዴ ይበቃኛል።

ሙከሚል ሰሞኑን ገጠር እናቱ ጋ ይመላለሳል። አመማት እንዴ ስለው "ደህና ናት" ይላል። ወዲያው ስለ ላንጋኖ ያወራል።

የካቲት 7፣ ላንጋኖ

ከጁምዓ ሶላት በኋላ ተነሳን። እስከ ዝዋይ አቧራ በላን። ቢጫው ቀሚሴ ላይ ነጠላ ደርቤ ተጠቅልዬ ተቀመጥኩ።

ሐይቁ ቡኒ ነው! ሰማያዊ መስሎኝ ነበር። እንደ ሻይ በወተት… ግን ያምራል። እስከ ማዶ ድረስ ምንም የለበትም።

አልጋው ላይ ፎጣ አጣጥፈው ወፍ ሠርተውበታል። ሙከሚል ሊያነሳው ሲል ጮህኩበት። ወንበር ላይ አስቀመጥነው፣ እንደ እንግዳ ያየናል።

ዓሣ በላን። አጥንቱን እየለቀመ ለኔ ያደርጋል። ከመግሪብ በኋላ ውሃው ዳር ተቀመጥን፣ ጫማዬን አወለቅኩ። ስለ አንድ ደንበኛው ስናወራ፣ ቆርቆሮ ገዝቶ መውሰዱን ረስቶ ሌላ ሊገዛ ስለተመለሰው፣ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ። እሱም ሳቀ።

"ሰልሚያ… ደስ ብሎሻል?"

"ብሎኛል።"

"እውነት?"

ብርድ መጣ፣ እንግባ አለኝ። ብርድ አልነበረም።

አልሐምዱሊላህ። ዛሬ ደስ ብሎኛል። ይጻፍ።

የካቲት 8

እንዴት አድርጌ ልጻፈው…

ገለጻው ከቁርስ በኋላ ነበር። ትልቅ አዳራሽ፣ ክብ ክብ ጠረጴዛ፣ በየጠረጴዛው ባልና ሚስት። ከጎናችን የፋርማሲው ሳኒና ሚስቱ ነበሩ፣ የቡታጅራ ሰዎች። ያገር ሰው በማየቴ ደስ አለኝ። ያኔ ደስ አለኝ።

ለኛ የደረሰን ሻጭ ብሩክ ይባላል። ወጣት ነው፣ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ሲናገር እጁ አያርፍም። የሚሸጡት ቤት አይደለም፣ ሳምንት ነው። አንዱን ክፍል በዓመት ውስጥ ለአንድ ሳምንት ትገዛለህ፣ ያ ሳምንት በየዓመቱ ያንተ ነው፣ ለልጅ ይወረሳል።

"ሌላውን ሳምንትስ?" አልኩት።

"ሌላ ቤተሰብ ይገባበታል፣ ወይዘሮ ሰልሚያ። በናንተ ሳምንት ግን የናንተ ብቻ ነው። ስንት ልጆች አሏችሁ?"

ይህን ጥያቄ ለምጄዋለሁ። አላህ አልሰጠንም ብዬ ወደ ሌላ ወሬ አልፋለሁ። ሙከሚል ቀደመኝ።

"እስካሁን የለንም። ግን ሰፋ ያለውን ክፍል አሳየን። በቅርቡ እንበዛለን፣ ኢንሻአላህ።"

የብሩክ ፊት በራ። "እንኳን ደስ ያላችሁ!" ብሎ ተነሳ። ማይክ ያዘ። "ከቡታጅራ የመጡት እንግዶቻችን ልጅ እየጠበቁ ነው!" አለ።

አዳራሹ አጨበጨበ። የሳኒ ሚስት እልል አለች። አንዲት ልጅ የማንጎ ጁስ አመጣችልኝ፣ "ለእናትየዋ" ብላ።

ለእናትየዋ።

ሁለቴ ጽንስ ወርዶብኛል። አታት ሆስፒታል ድረስ ተመላልሰናል። ከዚያ ወዲህ ምንም የለም… እሱ ያውቃል፣ ከማንም በላይ። ዞሬ አየሁት። ጠረጴዛውን ያያል። መጀመሪያ አፍሮ የዋሸ መሰለኝ። ግን "በቅርቡ" ያለው አባባሉ… የዋሸ ሰው አባባል አይደለም። ያሰበበት ሰው አባባል ነው።

ጁሱን ጠጣሁ። ምን ላድርግ? ሁሉም እያየኝ ነው። ማዶ የተቀመጡ ሴትዮ ከመቀመጫቸው ተነስተው "በሰላም ይገላግልሽ" አሉኝ። "አሜን" አልኩ።

ስንወጣ ግራሩ ሥር አቆምኩት።

"ማን ናት?"

ምን ማለትሽ ነው አላለም። ግንዱን ተደገፈ። "የሸምሶ ልጅ። እማ ናት ነገሩን የጨረሰችው… እኔ…"

"ሠርጉ መቼ ነው?"

"ከረመዳን በፊት።"

ሸምሶ የእናቱ የገጠር ጎረቤት ነው። ልጅቷን አውቃታለሁ። ባለፈው አረፋ ቀሚስ ሰፍቼላታለሁ። ደረቷን ለክቻለሁ፣ ወገቧን ለክቻለሁ።

"እዚህ ያመጣኸኝ ይህን ልትነግረኝ ነው?"

"ቤት ውስጥ አቃተኝ። ልናገር ስል አንቺ እራት ታቀርቢያለሽ… ቤታችን ውስጥ እንዴት ብዬ? ትናንት ውሃው ዳር ልነግርሽ ነበር። ስትስቂ አቃተኝ።"

ቀጠለ።

"ይህንን ሳምንት ልገዛልሽ ነበር። ያቺ ሳምንት የኔና ያንቺ ብቻ ትሆናለች ብዬ። በየዓመቱ። ማንም አይገባባትም።"

"ሌላውን ሳምንትስ?" አልኩት። ብሩክን ስጠይቀው ከአፌ የወጣው ያው ቃል ነበር።

ከሰዓት ብሩክ ወረቀቱን ይዞ ክፍላችን በር ላይ መጣ። ሚስትም መፈረም አለባት። አልፈርምም አልኩት። ቅናሽ አለ አለኝ። አልፈልግም። "ለሚወለደው ልጅ ስትሉ እንኳ…"

"የሚወለድ ልጅ የለም፣ ወንድሜ። አላረገዝኩም። ባሌ ሌላ ሊያገባ ነው፣ እሷ ናት የምትወልደው።"

እስክሪብቶውን ኪሱ ሊከት ሞከረ፣ ኪሱን አጣው። ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። "እህቴ… እኔ እኮ… በማይክ…" አለ። አንጀቴን በላኝ። ልጅ ነው። ሥራው ነው።

"ምንም አይደል" አልኩት። ለምን እንዳልኩት አላውቅም። ከዛሬ ሰው ሁሉ ይቅርታ የጠየቀኝ እሱ ብቻ ነው።

መኪና ስለሌለ ማደር ግድ ነው። ሙከሚል በረንዳ ላይ ተቀምጧል።

የካቲት 9

ቤት ገባን።

የካቲት 12

መሥራት አልቻልኩም። እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁ። ፈታሁት፣ እንደገና ገልብጬ ሰፋሁት።

የካቲት 14

ፈቲሀ ሱቄ ገብታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። "አንቺ ደባቂ! ከኔም?"

የሳኒ ሚስት ከተማውን አዳርሳዋለች። ለፈቲሀ እውነቱን ነገርኳት። አለቀሰች። የሱቄን በር ዘግታ እስኪመሽ አብራኝ ተቀመጠች፣ ደንበኛ ሲያንኳኳ "የለችም" ትላለች።

ወሬው ግን አይቆምም። መንገድ ላይ ሆዴን ያያሉ።

የካቲት 20

ዛሬ እማ መጣች። የሙከሚል እናት። እስከ መኪና መንገዱ በእግሯ፣ ከዚያ በሚኒባስ፣ ቅቤ በቅል ይዛ። ወሬው ገጠር ደርሷል።

ገና ከበር ሳትገባ አለቀሰች። ጎንበስ ብላ ሆዴን ሳመች። እጇ ሻካራ ነው፣ በቀሚሴ ላይ ይሰማኛል።

"ክፉ አድርጌብሻለሁ ልጄ። አውፍ በይኝ። ልቤ ጠቦ ነበር። ለሸምሶ ነገ እልክበታለሁ፣ ቀርቷል እለዋለሁ። አላህ ከፈለገ እኔ ማን ነኝ?"

ሙከሚል በሩ ላይ ቆሟል። አይናገርም።

ዝም ማለት ይቻል ነበር። እዚህ ልጻፈው፣ ለማንም ስለማልነግረው። ዝም ብል ሠርጉ ይቀራል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወረደብኝ እላለሁ። ሁለቴ ወርዶብኝ የለ? ሦስተኛው ወረደ ብል ማን ይጠረጥረኛል? እንደ ልብስ ገጣጥሜ አየሁት፣ ልክ ይመጣል።

ግን እማ ሁለት ልጆች ቀብራለች። ሙከሚል የቀራት ነው። ሦስተኛ እንድትቀብር ላድርጋት? ያልነበረን ልጅ?

"እማ፣ ውሸት ነው" አልኳት። "ላንጋኖ ላይ ሰው ተሳስቶ ነው። የለም። ምንም የለም።"

አልሰማችኝም መሰለኝ። ደገምኩት።

ቀስ ብላ ተቀመጠች። ሻሿን ፈታች፣ መልሳ አሰረች። ወደ ሙከሚል አላየችም። ልትሄድ ስትነሳ በሩ ጋ ቆመች።

"ምናለ ትንሽ ዝም ብትዪ… እስከ ማታ እንኳ። ደስ ብሎኝ ነበር እኮ።"

ቅቤውን ትታው ሄደች።

የካቲት 21

ጠየቅኩት። ትናንት ለምን ዝም አልክ?

"አንቺ ዝም ካልሽ ዝም ልል ነበር" አለ።

ከሁሉም ይህ ነው ያመመኝ። ከልጅቷም በላይ። አንድ ቃል ቢናገር… የትኛውንም ቃል። ሁሌ አንድ ሰው እስኪናገርለት ይጠብቃል። መጀመሪያ እናቱን፣ ቀጥሎ ያንን ባለ ማይክ ልጅ፣ አሁን እኔን።

መጋቢት 5

ሽማግሌዎች መጡ። ሸረፋ የሚባሉት ትልቁ ጥሩ ሰው ናቸው። ሸሪዓው ይፈቅዳል፣ አንቺ የበላይ ነሽ፣ ቤቱም ያንቺ ነው አሉኝ። ልጁ ሲወለድ አንቺም እናቱ ነሽ፣ ታቅፊዋለሽ አሉኝ።

"አውቃለሁ አባባ። አቅፈዋለሁ። አጥበዋለሁም። ልብስ እሰፋለታለሁ። እችለዋለሁ… የፈራሁት መቻሌን ነው።"

ፍታኝ አልኩት፣ በሳቸው ፊት። ሙከሚል አለቀሰ። እንደ ሕፃን ትከሻው እየተንቀጠቀጠ። ልነሳና ላባብለው ነበር፣ እግሬ ሊሄድ ነበር። ቁጭ ብዬ ቀረሁ።

መጋቢት 9

ተስማማ።

ሚያዝያ 12፣ ወልቂጤ

የፈቲሀ እህት ክፍል አገኘችልኝ። ከመናኸሪያው ብዙ የማይርቅ፣ ፊት ለፊቱ ለሱቅ የሚሆን። አከራይዋ ሐረገወይን ትባላለች፣ አስተማሪ ነበረች፣ ፕሮቴስታንት ናት። ባሏ ሞቶባታል። ብዙ አልጠየቀችኝም። ስፌት መኪናውን ከጭነቱ ስናወርድ አንዱን ጫፍ እሷ ያዘች።

ቡታጅራ "የሙከሚል ሚስት" ነበርኩ። እዚህ ማንም ሙከሚልን አያውቀውም። የሱቁን ስም የሚጽፈው ልጅ "ማን ልበል?" አለኝ። ሰልሚያ በል አልኩት።

ሰኔ 8

ሙከሚል ደወለ። ኒካው የሚታሰረው ዛሬ ነው። ከኋላው ሰው ይንጫጫል፣ መኪና ጡሩንባ ይነፋል።

"ሰልሚያ፣ አንድ ቃል ካልሽኝ እተወዋለሁ። አሁኑኑ።"

ስልኩን ጆሮዬ ላይ ያዝኩ። ትንፋሹን እሰማለሁ። ይህን ትንፋሽ ከጎኔ ተኝቶ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ… አንድ ቃል። አፌ ጫፍ ላይ ነበረች። አላህ ያውቃል፣ ነበረች።

የሸምሶ ልጅ ግን አሁን የት ናት? ሂና ተቀብታ ተቀምጣለች። ምን አደረገችኝ?

"ሰው አታስጠብቅ" አልኩት። "ሂድ። አላህ ይባርክላችሁ።"

ከዚያ የደንበኛ ጨርቅ አበላሸሁ። መቀሱ ልብሱን አቋርጦ ሄደ፣ እያየሁት። ሌላ ገዝቼ እተካለሁ።

ሰኔ 23

ረመዳን ገብቷል። ዝናብ ቀኑን ሙሉ። ሥራ አለ፣ አልሐምዱሊላህ። ሰፈሩ ለምዶኛል። የዒድ ልብስ ከወዲሁ እያመጡ ነው።

አዛን ሲል ተምር ቀመስኩ። ብቻዬን ማፍጠሬ ነው። ቡታጅራ ቤቱ ይሞላ ነበር… ትተሽዋል፣ ሰልሚያ። አንቺው ነሽ የተውሽው።

በሩ ተንኳኳ። ሐረገወይን ናት፣ ሾርባ በሳህን ይዛ፣ ጃንጥላ በብብቷ።

"ጾም ብቻሽን አትፈቺም" አለችኝ። "በሥጋ አልሠራሁትም፣ አጃ ነው፣ ብዪ።"

አንድ ማንኪያ አነሳሁ። ወደ አፌ ሳላደርሰው አለቀስኩ። ከላንጋኖ ወዲህ አንድ ጊዜም አላለቀስኩም ነበር፣ አሁን ነው የማስተውለው። ሰው ሁሉ ፊቴ አለቀሰ፣ እሱ፣ እናቱ፣ ፈቲሀ። እኔ ተራ ስጠብቅ ነበር መሰለኝ። ድምፅ አውጥቼ አለቀስኩ። ልጆቼ አልኩ። የወረዱትን። ስም ኖሯቸው አያውቅም፣ ልጆቼ ብቻ አልኳቸው።

ሐረገወይን ጃንጥላውን በሩ ጥግ አቁማ ከጎኔ ተቀመጠች፣ እስክጨርስ።

ስጨርስ ሾርባው ቀዝቅዞ ነበር። ሳህኑን አነሳች፣ ዝናቡ ውስጥ ወደ ቤቷ ወሰደችው፣ አሙቃ መለሰችልኝ።

በላሁ። ሁሉንም።