ስምንት ወር የዘገየ መርዶ

ግርሜ፣ የኔ ጌታ፣

ደብዳቤ ሲጀመር መጀመሪያ ጤና ይጠየቃል። ላንተ ምን ብዬ እንደምጀምር ግራ ገብቶኝ ሦስት ወረቀት አበላሸሁ። አንተ ብታየኝ «ወረቀቱን ለተማሪ ብትሰጪው ይሻል ነበር» ብለህ ትስቅብኝ ነበር። ከተለየኸኝ ስምንት ወር ሞላ። እኔ ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽህም። ውሸት በቅቶኛል፤ ይህንን ደብዳቤም የምጽፍልህ በአንድ ውሸት የተነሳ ነው።

የቤቱን ላስቀድም። የበረንዳውን ቆርቆሮ ያ የአዳማ ንፋስ ገንጥሎ ጣለው። ድሮ ቢሆን ከተማሪዎችህ አንዱ ጣራው ላይ ወጥቶ ይመታው ነበር፤ አሁን ሠራተኛ ጠርቼ አሠራሁት፣ እሱም አጣሞ መትቶት ሄደ። ለተማሪዎቹ ያመጣሃቸው የፕላስቲክ ወንበሮች አንዱ ባንዱ ላይ እንደተደራረቡ ጥግ ይዘው ቆመዋል። ጎረቤት ለሰርግ ሲዋሳቸው ደስ ይለኛል፤ ቢያንስ ሰው ይቀመጥባቸዋል። ጠዋት ጠዋት ሻይ ሳፈላ አሁንም ለሁለት ሰው ነው የምጥደው። ሲተርፍ ቀን አሙቄ እጠጣዋለሁ።

ልጅ አልወለድንም ብዬ ሳዝን «እንዴት አልወለድንም? የዘንድሮዎቹ ብቻ ሃያ ስምንት ናቸው» ትለኝ ነበር። ቀልድህ ነበር፤ ግን ሳምንቱን ሙሉ ሞጆ ደረቅ ወደብ በኮንቴይነር መሀል ስትንከራተት ከርመህ፣ ዓርብ ከሰዓት አቧራህን ሳታራግፍ ወደ ጸሎት ቤታችን የጓሮ ክፍል የምትሮጠው እውነትም አባት ስለሆንክ ነው። ከመቂ፣ ከባቱ፣ ከአዳሚ ቱሉ ለትምህርት የመጡ ልጆች፣ ሰው የማያውቁ፣ ምግብ ያልተስማማቸው፣ እናታቸው የናፈቀቻቸው፣ ሁሉም ያንተ ነበሩ። አፋን ኦሮሞ የሚቀናውን በኦሮምኛ፣ አማርኛ የሚቀናውን በአማርኛ፣ ሁለቱም ያልቀናውን በትከሻ መታ መታ ታናግረው ነበር።

«ዓርብ ጥናት፣ ቅዳሜ ፈተና» ትላቸው ነበር። ዓርብ መጽሐፍ ቅዱስ ታስጠናቸዋለህ፤ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሁለት አድርገህ ጧሪ ወደሌላቸው አዛውንት ቤት ትልካቸዋለህ። ውሃ ይቀዳሉ፣ ልብስ ያጥባሉ፣ ግድግዳ ይመርጋሉ። ዓርብ ዕለት ጸሎት ያስረዘመ ልጅ ቅዳሜ ሁለት ጀሪካን እንደምታሸክመው ስለሚያውቁ ጸሎታቸው ሁሉ አጭር ነበር። የጸሎት ቤታችን ሽማግሌዎች ሰምተው ሊቆጡህ መጥተው ስቀው ሄዱ።

ከአዛውንቶቹ መሀል አንተ ራስህ የያዝከው ቤት የእማማ ዘይነባን ነበር። ከወሎ በልጅነታቸው መጥተው፣ ባላቸውንም ልጃቸውንም እዚሁ አዳማ ቀብረው፣ ዓይናቸው ከደከመ በኋላ ኮረብታው ሥር ባለችው አንድ ክፍል ቤት ብቻቸውን የቀሩ ሴት። ከሽማግሌዎቻችን አንዱ «ሙስሊም አይደሉም እንዴ? የራሳቸው ሰዎች ለምን አይረዷቸውም?» ቢል «ጀሪካን ሃይማኖት የለውም» ብለህ ዝም አሰኘኸው። ግድግዳቸው የተመረገበትን ቀን ታስታውሳለህ? አራተኛ ዓመት የደረሱት የምህንድስና ተማሪዎችህ ጭቃው ሳይቦካ ለጥፈውት ገና ምሳ ሳንበላ ተንሸራቶ ወረደ። እማማ ዘይነባ ድምፁን ሰምተው «ዩኒቨርሲቲው ወደቀ እንዴ?» አሉ። እስኪያመን ድረስ ሳቅን። ከዚያ አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው፣ ጭቃው ስንት ቀን መቡካት እንዳለበት፣ ጭዱ ምን ያህል እንደሚገባ ለኢንጂነሮቹ ሌክቸር ሰጧቸው። ሲመርቁህ ደግሞ ወሎዬ ናቸውና ምርቃታቸው ማለቂያ የለውም፤ አንተም በሳቸው አባባል «አሚን፣ አሚን» ስትል ልጆቹ ይስቁብህ ነበር።

ያ ሐሙስ ማታ እንደወትሮህ ከሞጆ ስትመለስ የተሳፈርክበት ሚኒባስ... አልጽፈውም። ዓርብ ቀበርንህ። ቅዳሜ ልጆችህ በሙሉ ድንኳኑ ውስጥ ነበሩ፤ ወንዶቹ አግዳሚ ሲያመላልሱ፣ ሴቶቹ ከእድርተኞቹ ጋር ሰሃን ሲያጥቡ። ለሊሴ፣ ያቺ የአዳሚ ቱሉዋ የሦስተኛ ዓመት ተማሪህ፣ መሬት ቁጭ ብላ እግሬን እንደያዘች ዋለች። ሦስት ቀኑ አልቆ ድንኳኑ ሲፈርስ ወደ ሥራቸው መመለስ ነበረባቸው። እኔ ነኝ ያላስሄድኳቸው። በተለይ ቅዳሜ ጠዋት፣ አንተ ስማቸውን እየጠራህ የምታሰማራበት ሰዓት ሲደርስ «ለዛሬ ብቻ አትሂዱብኝ» እላቸዋለሁ። እነሱም አይጨክኑም፤ ይቀመጣሉ። በሁለተኛው ቅዳሜም እንዲሁ። በሦስተኛው ለሊሴ እማማ ዘይነባን አነሳችብኝ። «ሌላ ሰው ይሄድላቸዋል» አልኳት። ማን እንደሚሄድ አላውቅም ነበር፤ እንዳትሄድብኝ ብቻ ነው ያልኩት።

ማንም አልሄደም። ጎረቤቶቻቸው የግርማ ልጆች አሉላቸው ብለው ነበር። ልጆቹ ደግሞ እኔ ሰው የላክሁ መስሏቸው ነበር። ውሃው ሲያልቅ እማማ ዘይነባ ጀሪካናቸውን ይዘው፣ በምርኩዝ መሬቱን እየዳሰሱ ወደ ቦኖው ወጡ። ሲመለሱ ቦይ ውስጥ ወደቁ፤ ዳሌያቸው ተሰበረ፤ መንገደኛ ነው ተሸክሞ ቤት ያስገባቸው። በአራተኛው ቅዳሜ ለሊሴ እኔን ሳትጠይቅ ሄዳ ነው አልጋ ላይ ያገኘቻቸው። ሐኪሙ በዚህ ዕድሜ ቀዶ ጥገናውን አይችሉትም አለ፤ ወጌሻውም ነካክቶ ተወው። ከዚያ ወዲህ አልተነሱም።

ሮጬ ሄድኩ። ገና ከበሩ ስገባ ስለ ዳሌያቸው ያነሱልኝ ነገር የለም። «ልጄ፣ ግርማን ምን ብዬ አስቀየምኩት?» ነው ያሉኝ። መንደራቸው ሩቅ ነውና መሞትህን የነገራቸው ሰው አልነበረም፤ ለሊሴም ያንን ለመንገር አቅም አጥታ ነበር የተመለሰችው። መርዶው ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። ግን ከሱ ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ ፈራሁት። መቼ ሞተ? ልጆቹስ የት ነበሩ? እኔ ጋ ነበሩ ልል ነው፤ እርስዎ ውሃ ሲጠሙ እኔ ዙሪያዬን አስቀምጫቸው ነበር ልል ነው። ስለዚህ አፌ ያመጣልኝን ተናገርኩ። «ድንገት ለሥራ ጅቡቲ ተዛውሮ ነው፤ ስልክም እንደልብ አያገኝም» አልኳቸው። ያንተን ሥራ የሚያውቅ ሁሉ የሚያምነው ውሸት ነው። አመኑኝ። «ሰው አገር ሲለቅ ደህና ሰንብቺ አይልም?» አሉ።

ነገ እነግራቸዋለሁ እያልኩ ሳምንቱ ሳምንቱን ወለደ። ልጆቹንም ሰበሰብኩና፣ አሮጊቷ ታመዋል፣ ልባቸው እንዳይሰበር እንዲህ በሏቸው አልኳቸው። ለሳቸው የተጨነቅሁ አስመሰልኩ። የጨነቀኝ ግን ለራሴ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ እማማ ዘይነባ ስላንተ ይጠይቃሉ፣ ልጆቹም አንገታቸውን ደፍተው «ጋሼ ጅቡቲ ናቸው» ይላሉ። መጀመሪያ በናፍቆት ነበር የሚጠይቁት። እየቆየ ቅያሜ ሆነ። «ሰው ሲያልፍለት እንዲህ ነው፣ የሰው ቤት ይረሳል» ማለት ጀመሩ። አንድ ቀን «ከእንግዲህ የሱን ስም እዚህ ቤት አታንሺብኝ» አሉኝ። ልብሳቸውን እያጠፍኩ ነበር። ባሌን ሲያሙብኝ ልብሱን አጣጥፌ ጨረስኩና ወጣሁ።

የዓርቡን ጥናት አደራህ ነው ብዬ አላቋረጥኩም። በማስታወሻህ ላይ የጻፍከውን እየተከተልኩ፣ ጽሑፍህ ያልተነበበልኝን እየዘለልኩ አስጠና ነበር። አንድ ዓርብ ተራው ስለ እውነት መናገር ሆነ። አንተ ያንን ርዕስ እንዴት እንደምታስቃቸው አውቃለሁ፤ እኔ ደረቁን አነበብኩት። ለሊሴ እጇን አወጣች። «እትዬ፣ ዓርብ እውነት ያስጠኑናል፣ ቅዳሜ ያስዋሹናል። የትኛውን እንያዝ?» አለችኝ። ጮህኩባት። ደብተሯን አነሳችና ቀስ ብላ ወጣች፣ በሩን እንኳን አላጋጨችውም። በሳምንቱ አምስት ቀሩ። ከዚያ ፈተና ደረሰ የሚል፣ ታመምኩ የሚል፣ ምንም የማይል በዛ። ባለፈው ዓርብ የመጡት ሁለት ናቸው፤ አንደኛው የመጣው ሊሰናበተኝ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። «እህት ጽጌ፣ ዕረፍት ያስፈልግሻል» ብለው ክፍሉን ለመዘምራኑ የሙዚቃ መሣሪያ ማስቀመጫ እንደሚያደርጉት ነገሩኝ። ቁልፉን እዚያው አውጥቼ ሰጠኋቸው። ምን ይዤ ልከራከራቸው? አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያቆምከው ነገር በስምንት ወር እጄ ላይ ፈረሰ፣ ግርሜ። በሬሳ ሳጥንህ ላይ ጎንበስ ብዬ «ልጆችህን አልበትንም» ያልኩህን ብትሰማኝ ኖሮ ዛሬ ታፍርብኝ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ እማማ ዘይነባ ዘንድ ብቻዬን ሄድኩ። የሚዋሽልኝ ልጅ አብሮኝ አልነበረም። ጀርባቸው በመተኛት ብዛት ቆስሏል፤ እያገላበጥኩ ስጠርግላቸው ሰውነታቸው ቅለቱ አስደነገጠኝ። ያኔ ነገርኳቸው። መርዶ በወጉ የሚነገረው በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ ሰው ተዘጋጅቶ ነው። እኔ እርጥብ ጨርቅ በእጄ እንደያዝኩ ዘረገፍኩት። ሞትህን፣ ጅቡቲን፣ ሦስቱን ቅዳሜ፣ «አትሂዱብኝ» ያልኩትን፣ አንድም ሳላስቀር። ይራገሙኛል ብዬ ጠበቅኩ። እርግማኑን ፈልጌውም ነበር።

«ኢና ሊላሂ» አሉና በደከመ እጃቸው ደረታቸውን መቱ። አለቀሱልህ፣ ግርሜ። እኔ ዕንባዬ ካለቀ በኋላ፣ ሁሉም ወደ ኑሮው ከተመለሰ በኋላ፣ እሳቸው ገና ትናንት እንደሞትክ አድርገው አለቀሱልህ፤ አብሬያቸው የተቀመጥኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ጸጥ ሲሉ ስንት ጊዜው እንደሆነ ጠየቁኝ። ስምንት ወር አልኳቸው።

«ስምንት ወር ሙሉ አማሁት» አሉ። «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እያልኩ ያረጀሁትን ሴትዮ፣ አንቺ ሙት ወቃሽ አደረግሽኝ። የዳሌዬን የአላህ ቁጣ ነው ብዬ እተወው ነበር። ይኼንን ግን እንዴት አድርጌ ልተውልሽ?» ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ጀሪካኑን ሞልቼ አጠገባቸው አስቀምጬ ልወጣ ስል ጠሩኝ። ይቅር ሊሉኝ መስሎኝ ተመለስኩ። አልነበረም። «አንቺ መጻፍ ታውቂያለሽ። ጻፊለት፤ ዘይነባ አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ ትልሃለች በይልኝ። አላወቀችም ነበር በይው» አሉኝ። ለሞተ ሰው ደብዳቤ እንደማይደርስ እሳቸውም እኔም እናውቃለን። እምቢ የምልበት አፍ ግን ከየት ላምጣ?

ስለዚህ ይኸው ጻፍኩልህ። እማማ ዘይነባ አፉ በለኝ ብለውሃል። አንተ ቂም መያዝ እንደማትችል ነግሬያቸው ነበር፤ አላጽናናቸውም። ለራሴ ግን ይቅርታህን አልጠይቅም። የበደልኩት እሳቸውን ነው፣ ይቅር ማለትም የሳቸው ነው፣ እሳቸውም አላሉኝም። እውነታቸውን ነው። ጸልዪ ትለኝ ይሆናል፤ እጸልያለሁ፣ ግን ወሬ እንደማውራት ሆኖብኛል። ኅብረቱ አይመለስም። ለሊሴ መንገድ ላይ ስታየኝ አቅፋ ትስመኛለች፣ ቤቴ ግን አትመጣም። እማማ ዘይነባም ክረምቱን የሚያልፉት አይመስለኝም።

ቃል ልገባልህ የምችለው ጥቂት ነው። እስካሉ ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ፤ ባያናግሩኝም ቁስላቸውን አጥብላቸዋለሁ። አንተንም አልረሳህም፤ ከነቀልድህ፣ ከነአቧራህ፣ በስምህ ከሠራሁት ጥፋት ጋር አስታውስሃለሁ። ከእንግዲህም ግርማ የት ሄደ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር፣ ሞቷል እለዋለሁ።

ሚስትህ ጽጌ