ሰማያዊ የወጡት ነጭ አበቦች

ሰኔ 14፣ ቅዳሜ

ዛሬ የሥዕል ትምህርት ጀመርኩ። በስልሳ ሦስት ዓመቴ! ያስመዘገበችኝ ምራቴ ሀይማኖት ናት። ቤት ተቀምጠው ግድግዳ ከሚያዩ ይሻላል አለችኝ። እሷና ልጄ ኤርሚያስ ሥራ ሲውሉ እኔ እዚህ ሰው አገር፣ ሙየንጋ ኮረብታ ላይ ከዘበኛው ጋር ነው የምውለው። እውነቷን ነው።

አስተማሪዋ ሚስ ናካቶ ትባላለች፣ ከእኛ ሁለት ግቢ አልፎ በረንዳዋ ላይ ነው የምታስተምረው። ስድስት ሴቶች ነን፣ ሁሉም ጀማሪ። እንግሊዝኛው ሲከብደኝ አጠገቤ የተቀመጠችው ፈርሃና ታስተረጉምልኛለች። የድሬዳዋ ልጅ ናት፣ ከኮረብታው ሥር ካባላጋላ ምግብ ቤት አላት፣ አፏ አያርፍም።

የዛሬው ትምህርት ቢጫና ሰማያዊ ሲቀላቀሉ አረንጓዴ ይሆናሉ የሚል ነው። ሳቄ መጣ። ሽሮ ሜዳ ሠላሳ ዓመት የጥለት ክር ሸጫለሁ እኮ። ሃያ ዓይነት ቢጫ በዓይኔ እለይ ነበር። ሙሽሮች ከነእናቶቻቸው መጥተው አረጋሽ ከመረጠችው በቃ ይሉ ነበር... አሁን ቢጫና ሰማያዊ ልማር?

አንድ ነገር ግን ወደድኩላት። በውሃ ቀለም ነጭ የሚባል ቀለም አንጠቀምም አለች። ነጩ ወረቀቱ ራሱ ነው። ነጭ እንዲሆን የምትፈልጊውን ቦታ ሳትነኪ ትተዪዋለሽ።

ሰኔ 17፣ ማክሰኞ

ቅጠል ተለማመድኩ። ውሃ በዛና ቀለሙ እንደ ቀጭን ወጥ ፈሰሰብኝ። ሁለተኛው ተሻለ። ጠዋት ኤርሚያስ አንዱን ጥቁር አንዱን ሰማያዊ ካልሲ አድርጎ ቢሮ ሄዶ ኖሮ ተሳሳቁበት። ጥንድ ጥንዱን አድርጌ ያጠፍኩት እኔ ነኝ። መብራቱ ደካማ ነው አልኩት።

ሰኔ 21፣ ቅዳሜ

ቀይ የአጥር አበባ ሣልን። መጀመሪያ ወረቀቱን በንጹህ ውሃ ማርጠብ፣ ከዚያ ቀዩን ጠብ አድርጎ ራሱ እንዲሄድ መተው። ናካቶ የእኔን አንስታ ለሁሉም አሳየች። ፈርሃና ቀናች። ደስ አለኝ፣ ለምን እዋሻለሁ።

ሰኔ 28፣ ቅዳሜ



ዛሬ ነጭ ሊሊ ነበር። ሦስት አበቦች፣ ብርጭቆ ውስጥ። ሁሉም ጥላውን ብቻ በስሱ ቀባ፣ ቅጠሉን ለብቻው፣ ነጩን ተወው። እኔም ተውኩት። ግን ወረቀቴ ነጭ አልሆን አለኝ። የቆየ ይመስላል፣ ቢጫ ነገር አለው። አበባ ሳይሆን ያረጀ ነጠላ መሰለኝ... ነጠላ ብዬ ሳስብ መላው መጣልኝ። ነጠላ አጥበን በመጨረሻው ውሃ ላይ ሰማያዊ ጠብ አድርገን አይደል የምናነጣው? እናቴ ያስተማረችኝ ነው። አንድ ጠብታ ሰማያዊ በብዙ ውሃ በጠበጥኩና አበቦቹን በስሱ አለበስኳቸው። አልበቃቸውም። ደገምኩ። ሦስተኛ ደገምኩ። ወለል ብለው ነጡ። እነዚህ ሴቶች ይህን አያውቁም ብዬ በሆዴ ኮራሁ።

ናካቶ መጥታ ከኋላዬ ቆመች። ቀስ ብላ አንድ ነገር ጠየቀች። ፈርሃና አላስተረጎመችም። ምን አለች ብላት ፈርሃና ወረቀቴን አንስታ ፀሐዩ ላይ አይታው ተመለሰች።

"እትዬ አረጋሽ፣ ለምን ሰማያዊ አደረግሻቸው ነው የምትለው።"

"የቱ ነው ሰማያዊ?"

ፈርሃና ዝም አለች!

ሰኔ 30፣ ሰኞ

ወረቀቱ ነው። ሌላ ምን ይሆናል? ሻጩ ያረጀ ነው የሰጠኝ። ቦዳ የሚሉትን የኪራይ ሞተር ይዤ ካባላጋላ ወረድኩ። በስልሳ ሦስት ዓመቴ ሞተር ላይ፣ ኤርሚያስ ቢያይ ይጮኽብኝ ነበር። ባለሱቁን ወረቀትህ ቢጫ ነው፣ ቀይርልኝ አልኩት በዚያችው እንግሊዝኛዬ። አዲስ ጥቅል ፈታ። ያም ቢጫ። ሌላ ፈታ። ያም። ሠራተኛዋን ጠራት፣ ሁለቱም ወረቀቱን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ። ሰውየው አልተቆጣም። ወንበር አምጥቶ ተቀመጪ እናቴ አለኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐምሌ 1፣ ማክሰኞ

ቀኝ ዓይኔን ጨፍኜ ግድግዳውን አየሁ። ከዚያ ግራውን ጨፍኜ። በግራው ሻይ የተደፋበት ይመስላል።

አሥር ጊዜ ሞከርኩት። አሥር ጊዜም ያው ነው።

ሐምሌ 3፣ ሐሙስ

ስሙን አውቀዋለሁ። የዓይን ሞራ ነው። እናቴንም እንዲሁ ነው የጀመራት።

ጽፌው አላውቅም። ዛሬ ልጻፈው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ደብረ ብርሃን አጠገብ፣ አያቴ ቤት። ሞራ በመርፌ የሚገፍፍ ሰው መጣ። እናቴን ደጅ፣ ቁርበት ላይ አስቀመጧት። ጭንቅላቷን እንድይዝ የታዘዝኩት እኔ ነኝ። እንዳትነቃነቅ አጥብቀሽ ያዢ አሉኝ። ያዝኩ። መርፌው ሲገባ ጮኸች... ለቀቅኩ። ትንሽ ነው የለቀቅኩት። ለቅጽበት። ከዚያ ወዲያ እናቴ በዚያ ዓይን አላየችም፣ ቆይቶም በሌላኛው። ታላቅ እህቴ አለምዘውድ ስንጣላ ሁሌ ያንን ታነሳብኝ ነበር። ባትለቂያት ኖሮ ትለኛለች። አንድ ጊዜ በሠርጌ ማግስት እንኳ ብላኛለች።

እናቴ ግን አንድም ቀን አላለችኝም። እሱ ይብሳል።

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ

ትምህርት ቀረሁ። ራሴን አመመኝ አልኩ። ሀይማኖት ሾርባ ሠራችልኝ። በደህና ሰውነቴ ተኝቼ ጠጣሁ።

ሐምሌ 8፣ ማክሰኞ

የቀለሞቹ ቱቦ ላይ ምልክት አደረግሁ። ሰማያዊው ላይ አንድ መስመር፣ ቢጫው ላይ ሁለት፣ ቀዩ ላይ ሦስት። የሠላሳ ዓመት ነጋዴ! ቀለም በመስመር ስትቆጥር...

ሰው ካወቀ ሐኪም ቤት ይወስዱኛል። ከወሰዱኝ ዓይኔን ይነኩታል። ከነኩትስ? አሁን እኮ ቢጫም ቢሆን አያለሁ። የልጄን ፊት አያለሁ። ደረጃ እወርዳለሁ። ለምን ይነካ? ደግሞ ዝም ካልኩም ይጨልማል። ምኑን ልያዝ? ቀኑን ሙሉ ይሄንኑ ሳወጣ ሳወርድ ምሳ መብላት ረሳሁ።

ሐምሌ 12፣ ቅዳሜ

ሄድኩ። ቢጫ አበባ ስለሆነ ነው የሄድኩት፣ ቢጫ አይክደኝም ብዬ። ወጣልኝም። ግን ስንወጣ ፈርሃና በሩ ላይ ያዘችኝ። አባቷ ድሬዳዋ ዓይናቸውን ተሠርተው በሳምንቱ ዳማ ይጫወቱ ነበር አለች። አልሰማሁሽም አልኳት። ሰምተሻል አለች።

"እስከ ረቡዕ ለኤርሚያስ ካልነገርሽው እኔ እነግረዋለሁ። ብትጣዪኝም ተጣዪኝ።"

ምን አገባሽ አልኳት። ጥያት ሄድኩ። በእሷ ተናድጄ አይደለም፣ እንደምትነግረው ስላወቅሁ ነው።

ሐምሌ 15፣ ማክሰኞ

ነገርኩት። ከእራት በፊት፣ ቁጭ ሳይል። ቢቀመጥ አልናገረውም ነበር። ሊሊዎቹን አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁና እነዚህ ምን ዓይነት ቀለም ናቸው አልኩት። ሰማያዊ አለኝ። ለእኔ ነጭ ናቸው አልኩት።

ቦርሳውን እንደያዘ ቆመ። "እማዬ፣ ስንት ጊዜ ሆነሽ?" አለኝ። አላውቅም አልኩ። እውነቴን ነው፣ መቼ እንደጀመረ ማን ያውቃል? ሀይማኖት ከኩሽና ወጥታ አቀፈችኝ። እጇ ማቶኬ የሚሉትን ሙዝ ስትልጥ ጠቁሮ ነበር፣ ልብሴን ነካችው፣ ማናችንም ግድ አልሰጠንም።

ሐምሌ 17፣ ሐሙስ

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። አገጬን ብረት ላይ አሳርፋ በትንሽ መብራት ሁለቱንም ዓይኔን አየች። ሞራ ነው፣ ግራው ብሷል፣ በሚመጣው ሐሙስ ግራውን እንሠራለን አለች። ሌላም ብዙ ተናገረች። እኔ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረኝ።

"ጭንቅላቴን የሚይዘው ማን ነው?"

ኤርሚያስ አልገባውም። ደግሜ አልኩት። አስተረጎመላት። ሐኪሟም አልገባትም፣ ማንም አይይዝዎትም፣ ማደንዘዣ አለ አለች። የሚይዘውስ ቢለቅ አልኩ። ማን ነው የለቀቀው እማዬ አለኝ ልጄ። እዚያው ነገርኩት። ከተወለደ ጀምሮ ከልጄ የደበቅሁትን፣ የማላውቃት ሴት ፊት። እያለቀስኩ እንኳ አልነበረም፣ ዝም ብዬ እንደ ዕቃ ዋጋ ነው የነገርኩት።

እሱ አስተረጎመላት። ሐኪሟ መብራቷን አጠፋችና ወንበሯን ስባ ቀረበችኝ።

"በዚያ መርፌ ሞራው አይወጣም። ወደ ውስጥ ነው የሚገፋው፣ ዓይኑም ይመረዛል። ማንም ቢይዛት፣ ባይለቃትም፣ ብዙዎቹ ይታወራሉ። ለእናትህ ንገራት፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ያደረገችው ነገር የለም።"



ሐምሌ 18፣ ዓርብ

አመንኳት? ለልጅ የሚነገር ማባበያ ይሆን? ሐኪም ሲያጽናና እንዲህ አይደል የሚለው? ኤርሚያስን ሁለት ጊዜ አስደገምኩት። ልክ እንዲህ ነው ያለችው ይላል። ደጋግሞ ይላል፣ ምስኪን።

ሐምሌ 23፣ ረቡዕ

ነገ ነው። ጠዋት ከቅድስት ማርያም ሥዕል ፊት ቆሜ ጸሎቴ ጠፋብኝ። ዓይን እንዳይጨልም ብቻ... ናካቶ መልካም ይግጠምሽ ብላ ቢጫ ጽጌረዳ ላከች። ፈርሃና ሳምቡሳ ይዛ መጣች። አኩርፌያት ነበር። በላሁላት።

ካላየሁ ይህ የመጨረሻ ጽሑፌ ነው።

ሐምሌ 26፣ ቅዳሜ

አያለሁ።

ትናንት ፋሻውን ሲያነሱት መጀመሪያ ያየሁት የነርሷ ጋውን ነው። እንዲህ ያለ ነጭ አለ ለካ! ዓይኔን አሳመመኝ። ሐሙስ ሲሠሩኝ አንዲት ነርስ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እጄን ይዛ ነበር፣ ከፈራሽ ጭመቂኝ ብላኝ። ሳልጨምቃት አልቀረሁም፣ ስትስቅ ሰምቻለሁ። ሃያ ደቂቃም አልፈጀም።

ቤት ገብቼ ሊሊዎቹን አወጣሁ። እንደ ትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሰማያዊ ናቸው። ሳቅሁ። ቀጥሎ ግን የሸጥኩት ክር ሁሉ ትዝ አለኝ፣ የመጨረሻዎቹ ዓመታት... ስንቷን ሙሽራ ምን አልብሼ ይሆን? ይቅር ይበሉኝ።

ሐምሌ 27፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ለአለምዘውድ ደወልኩ። አዲስ አበባ ከልጇ ጋር ናት፣ ሰባኛዋን ይዛለች። ዓይኔን ተሠራሁ አልኳት። ደነገጠች። ከዚያ ሐኪሟ ስለ እናታችን ያለችውን ሁሉ ነገርኳት፣ ስለ መርፌው፣ ስለ መያዙ። ልትከራከረኝ ነው ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር።



"ያን ቀን ያዢ የተባልኩት እኔ ነበርኩ" አለች። "ፈርቼ ጓሮ ተደበቅሁ። ሲያጡኝ ነው አንቺን ያስያዙሽ።"

ሃምሳ አራት ዓመት! ልቆጣ ነበር፣ ቁጣው እየመጣ ነበር። ግን ቀጠለች፣ ድምጿ እንደ ሕፃን ሆኖ።

"ያማል እንዴ?"

"ለማን ነው የምትጠይቂው፣ እታለም?"

"ለራሴ። ሁለቱም ዓይኖቼ ናቸው። አራት ዓመት ሆነኝ። ለልጄም አልነገርኩም።"

አብረን አለቀስን። ሐኪሟ አታልቅሺ ብላኝ ነበር። ስልኩን ዘግቼ ኤርሚያስን ለሚቀጥለው ሳምንት የአዲስ አበባ ትኬት ቁረጥልኝ አልኩት። የቀኝ ዓይንሽ ቀጠሮስ አለኝ። ይቆያል አልኩ። እሷ ስትሠራ እጇን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋታል፣ እኔ እይዛታለሁ።