ቺንጋው ነው ወይስ እጄ?

ሰኞ፣ ሰኔ 2

እንደ ሁልጊዜው። አራቱን ከየደጃቸው ለቅሜ ለኩላሊት እጥበት ክሊኒክ አደረስኩ። ከሰዓት ደግሞ መልሼ ወደየቤታቸው። ሰኞ፣ ረቡዕ፣ አርብ... አምስት ዓመት ሆነኝ። ልብስ ሰፊዋ ከፊት አጠገቤ፣ መምህሩ መሀል ላይ፣ ሁለቱ እንቅልፋሞች ከኋላ። እነዚያ ሲሄዱም ይተኛሉ፣ ሲመለሱም ይተኛሉ። ድምፃቸውን የሰማሁበትን ቀን በጣቴ መቁጠር እችላለሁ።

አሮጊቷ ዛሬም ጮኸች። አሮጊቷ የምላት ሚኒቫኔን ነው፤ ልጄን በሁለት ዓመት ትበልጣታለች። ጠዋት ስትነሳ ሞተሩ ላይ የሚዞረው የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ሲጥ ይላል። እኔ ጆሮ ዳባ ልበስ ብያለሁ። መምህሩ ግን አልቻሉም። «ልጄ፣ ይሄ ድምፅ ጥርሴ ውስጥ ነው የሚገባው» አሉኝ። ከእጥበት በኋላ ራሳቸውን ያማቸዋል። አሳዘኑኝ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 4

መላ አገኘሁ! የልጄ አባት፣ ነፍሱን ይማርና፣ ቺንጋ ሲጮህ ደረቅ የልብስ ሳሙና ያሸው ነበር። ከመነሳቴ በፊት ኮፈኑን ከፈትኩ፣ ሞተሩ እንደጠፋ ሳሙናውን ከላይም ከውስጥም አሸሁት። አስነሳኋት... ጸጥ። መምህሩ ገብተው ትንሽ ቆዩና «ምነው፣ መኪና ቀየርሽ እንዴ?» አሉ። ተባረኪ ብለው መረቁኝ። ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

አርብ፣ ሰኔ 6

ምን እንደሆነ አላውቅም።

ጠዋት ዘንቦ ነበር። ከክሊኒኩ በፊት ያለው መታጠፊያ ላይ፣ ውሃ የሚያቁርበት ጋ፣ መሪውን ወደ ቀኝ ላዞር... እምቢ አለኝ። ድንጋይ ሆነ። እስከ ሦስት ብቆጥር ነው። ከዚያ ለቀቀ። ታጠፍኩ። ማንም ያወቀ የለም።

መሪው ነው? ወይስ ይሄ ቀኝ እጄ? ጠዋት ስነሳ ይደነዝዛል። ተጫንኩት እያልኩ አራግፌው እነሳለሁ። ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እናቴም መጀመሪያ ስኒ ነበር የጣለችው። «አንሸራተተኝ» አለች። እኛም ስቀን ጠረግን። በሁለተኛው ወር ግማሽ ጎኗ ከዳት።

ስኒ ጥዬ አላውቅም። እስካሁን።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 7

መካኒኩ ጋ ሄድኩ። ሰፈሩ ሁሉ «ዶክተር» ነው የሚለው፤ ረጅም ካቻቢቴ ጆሮው ላይ ደግኖ ሞተር ያዳምጣል። ፀሐይ ነበር። ነዳት፣ አዟዟራት፣ ተመለሰ።

«እትዬ፣ መሪዋ ቅቤ ነው። ቺንጋው አርጅቷል፣ መቀየር አለበት፣ ግን ለዛሬና ለነገ አያሰጋም።»

«ታዲያ ለምን ከበደኝ?»

«እንግዲህ... ደክሞዎት ይሆናል።»

ደክሞዎት! ከዚያ ደግሞ «ያ ጩኸቷስ?» አለኝ። «በራሱ ተወ» አልኩት። ለምን ዋሸሁ? ዶክተር በልጄ አባት መላዎች ሁሌ ይስቃል። ሟቹ ላይ እንዲስቅ አልፈለግኩም። ይኸው ነው ምክንያቱ። ቺንጋውን መጥቼ አስቀይራለሁ አልኩና ወጣሁ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 10

ራሴን ፈተንኩ። ሁለት ባልዲ ውሃ ሞልቼ በሁለት እጄ አንጠልጥዬ ግቢው ውስጥ ቆምኩ። ጎረቤቴ አጥሩ ላይ ብቅ ብላ «ምን እየሠራሽ ነው?» አለች። «ውሃ ልቀዳ» አልኳት። «ቀድተሻል እኮ!»

ቀኙ ቀድሞ ደከመ። ግን ቀኙ እኮ ነው ሁሉን የሚሠራው፤ ቢደክምስ? ወይስ ብርቱ መሆን የነበረበት እሱ ነው? አላውቅም። ባልዲውን ደፋሁት።

ረቡዕ፣ ሰኔ 11

ጩኸቱ ስለተመለሰ ሳሙና ደገምኩ። ፀሐይ። መሪው ምንም አላለም። እንግዲህ?

አርብ፣ ሰኔ 13

በድጋሚ! ሌላ ቦታ ነው፣ ገበያው ጥግ። ዝናቡ ይወርዳል፣ ጎርፉ ጎማ ይውጣል። ከበደኝ። አሁንስ እስከ አምስት ይቆጠራል። የባትሪው ቀይ መብራትም ብልጭ ያለ መሰለኝ። መሰለኝ ነው... የኋለኛው መኪና መብራት መስታወቱ ላይ አርፎ ቢሆንስ? ሰው ሲፈራ ስንቱን ያያል።

ክሊኒኩ ደጅ ቁልፉ ከእጄ ወደቀ። ልብስ ሰፊዋ አየችኝ። የእሷ ዓይን መርፌ ቀዳዳ የለመደ ነው፣ ምን ያመልጠዋል።

«እህቴ፣ እጅሽ ምን ሆነ?»

«ረጥቦ ነው።»

እናቴ «አንሸራተተኝ» ያለችው ትዝ አለኝ። ምላሴን ነከስኩ።

እሁድ፣ ሰኔ 15

ለልጄ ነገርኳት። ግማሹን። የመሪውን ነገርኳት፣ የጠዋቱን መደንዘዝ ዋጥኩት። ግማሹም በቅቷታል።

«እማ፣ አራት በሽተኛ ጭነሽ ነው ይሄ ሁሉ?»

«መካኒኩ መኪናዋ ደህና ናት ብሏል።»

«እሱ እኮ ነው የሚያስፈራው! መኪናዋ ደህና ከሆነች ማን ቀረ?»

ተመርመሪ አለች። እስክትመረመሪ ሌላ ሰው ይንዳ አለች። ተቆጣሁ፤ «አንቺን ልወልድ ሆስፒታል የሄድኩት ራሴ ነድቼ ነው» አልኳት። እውነት ነው። ግን ያ ከዛሬው ጋር ምን አገናኘው?

ሰኞ ከነዳሁ ጥፋት ነው? ባልነዳስ? አንድ ቀን እጥበት ያለፈበት ሰው ፊት እንዴት እንደሚያብጥ አይቻለሁ። ሌላ ሹፌር እስከ ነገ ከየት ይመጣል?

ሰኞ፣ ሰኔ 16

ነዳሁ። ምንም አልሆነም። ሊያሳብደኝ ነው። ቢከብድ ይሻለኝ ነበር እስከማለት ደርሻለሁ፤ ቢያንስ እለየው ነበር።

አርብ፣ ሰኔ 20

መዳፎቼ መሪ ከመጎተት ቀልተዋል። ሁለቱም።

ቺንጋ መቀየሩን ለነገ ቀጥሬው ነበር። ጠዋት እንደለመድኩት ሳሙና አሸሁ። ዘነበ። ወደ ክሊኒኩ የሚወርደው ቁልቁለት ላይ ከኮፈኑ ሥር ጧ የሚል ነገር፣ ከዚያ ብረት የሚገርፍ ድምፅ፣ ከዚያ ጸጥ። ቀዩ መብራት በራ። አሁን አልመሰለኝም፤ በራ። መሪው ደረቀ። ፊት ለፊቴ መታጠፊያው፣ ከመታጠፊያው ወዲያ የድልድዩ ግንብ።

ሞተሩን ላጥፋው? እጄ ቁልፉ ጋ ደርሶ ነበር። «ሞተር ካጠፋሽ ፍሬንሽም ይደርቃል» ይል የነበረው የልጄ አባት ነው። ተውኩት። ማርሽ ቀነስኩ፣ ፍሬን ያዝኩ፣ መሪው ላይ ተንጠለጠልኩ። አልበቃኝም። ልብስ ሰፊዋ ምንም ሳትጠይቅ ተዘርግታ በደህናው ክንዷ፣ የእጥበቱ መርፌ በማይገባበት፣ ከእኔ ጋር ሳበች። «ወደኔ! ወደኔ!» ትላለች። መምህሩ ከኋላ «ቀስ በይ ልጄ፣ ቀስ» ይላሉ። ድምፃቸው ክፍል ውስጥ እንዳሉ ነው።

ቆምን። በእኔ በኩል ያለው መስታወት ግንቡን ነክቶ ታጠፈ። ያን ያህል ነው የቀረን።

እንቅልፋሞቹ ነቅተዋል። አንዱ «ደረስን?» አለ። ሳቅኩ። ከዚያ አለቀስኩ። የሙቀቱ ምልክት መውጣት ጀምሮ ስለነበር ሞተሩን አጠፋሁ። አንድ መንገደኛ ባለመኪና አራቱንም ጭኖ ክሊኒክ አደረሰልኝ። ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 21

ዶክተር የተበጣጠሰውን ቺንጋ መዳፉ ላይ አድርጎ አገላበጠ። ቦዮቹ ውስጥ ነጭ ነገር አለ። በጥፍሩ ፋቀ፣ አሸተተ።

«እትዬ፣ ማነው ሳሙና የቀባው?»

ተናገርኩ። ምን እላለሁ?

ሲቆጣ አይቼው አላውቅም። «ጩኸቱ እኮ ላልቻለሁ፣ አርጅቻለሁ እያለ ነው! እርስዎ አፉን አፈኑት!» አለኝ። ከዚያ ድምፁን ቀነሰና አስረዳኝ። አንዱ ቺንጋ ባትሪ የሚሞላውን ዲናሞም፣ የመሪውን ፓምፕም፣ የውሃውን ፓምፕም ያዞራል። ያረጀ ነው፤ ሳሙናና ውሃ ሲገናኙበት ይንሸራተታል። ሲንሸራተት ፓምፑ ይቆማል፣ መሪው ይደርቃል። ውሃው ሲደርቅለት መልሶ ይይዛል። በፀሐይ የነዳት ዕለት ምንም ያላገኘው ለዚህ ነው። የቺንጋው መወጠሪያም ተበልቷል።

«ሞተሩን አለማጥፋትዎ ነው ያተረፋችሁ» አለ። «ግን ያን ቀን ሳሙናውን ቢነግሩኝ ኖሮ...» አልጨረሰውም።

እጄ አይደለም! አይደለም! መንገድ ላይ ብቻዬን ስስቅ አንዲት ሴት ዞራ አየችኝ። ቤት ስደርስ ደግሞ ሳቁ ተወኝ። ደስ ያለኝ በምንድነው? አራት ሰው ልገድል የነበርኩት በራሴ ሳሙና መሆኑ ነው ደስ ያለኝ? ደስ ብሎኛል ግን። አፍሬያለሁ። ሁለቱ አንድ ሆድ ውስጥ እንዴት እንደሚያድሩ እንጃ።

ሰኞ፣ ሰኔ 23

አዲስ ቺንጋ፣ አዲስ መወጠሪያ። ሳይገቡ በፊት ደጅ ላይ አቁሜ ነገርኳቸው። ሳሙናውን፣ ለመካኒኩ መዋሸቴንም። መምህሩ «ጩኸቱ ያስቸግረኛል ያልኩት እኔ ነኝ፤ ግማሹ የኔ ነው» አሉ። የሳቸው አልነበረም። ግን ሁሉም ገቡ። ገቡልኝ!

አርብ፣ ሐምሌ 4

ሁለት ሳምንት ሊሞላ ነው። በየቀኑ ዝናብ። መሪው ቅቤ። ልጄ እንኳ «ይቅርታ እማ፣ መኪናዋ ነበረች» አለችኝ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ጠዋት ጠዋት መደንዘዙ አለ... እሱ ድሮም ነበር።

ሰኞ፣ ሐምሌ 7

የመጀመሪያዋን ተሳፋሪ ልወስድ ግቢዬ የቆመችው መኪና ውስጥ ገባሁ፣ ተቀመጥኩ፣ ቁልፉን ሰካሁ። ላዞረው... አልዞረም። ጣቶቼ ይዘውታል፣ አየዋለሁ፣ ግን አያዞሩትም። ቁልፉ ተበላሸ? በግራ እጄ ተሻግሬ ሞከርኩ። ወዲያው ዞረ። አስነሳኋት፣ አጠፋኋት። እንደገና በቀኝ። እምቢ።

ሞተሩ ጠፍቷል። ቺንጋው አይዞርም። ዝናብ የለም፣ ሳሙና የለም።

ትንሽ ቆይቶ ጣቶቼ ተመለሱ። ማንም አላየኝም። በሩ ክፍት ነው፣ ልብስ ሰፊዋ ደጇ ላይ ቆማ እየጠበቀችኝ ነው፣ ሰዓቱ ደርሷል። መንዳት እችል ነበር እኮ! ምናልባት ዛሬ ብቻ... ምናልባት ተጫንኩት...

ወረድኩ። መካኒኩ፣ ዶክተር ጋ ደወልኩ። ሥራውን ጥሎ መጣ። ነድቶ ወሰዳቸው።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 8

ለልጄ ሙሉውን ነገርኳት። መደንዘዙን፣ የአያቷን ስኒ፣ ቁልፉን። ትጮሃለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም።

«ማን አይቶሽ ነው የወረድሽው?» አለች።

«ማንም።»

ቀኝ እጄን ይዛ ተቀመጠች። ለረጅም ጊዜ አለቀቀችኝም። ነገ ሐኪም ጋ አብራኝ ትሄዳለች።

ሰኞ፣ ሐምሌ 14

በግራ እጄ ነው የምጽፈው። ቀኙ ታስሯል። ፊደሌ ሰክሯል፣ ማንም ስለማያነበው ግድ የለኝም።

ሐኪሙ ነርቭ ነው ይላል። ከአንገት ይሁን ከእጅ አንጓ ገና አልተለየም። «እንደ እናቴ ነው?» ስለው «አይመስለኝም» አለ። አይመስለኝም ማለት አይደለም ማለት ነው? አልጠየቅኩትም። እስኪለይ መሪ አልነካም።

ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር አገኘሁ። ሲነዳ የተኛ ነው የሚመስለው። ገና ሲገባ ወንበሬን ወደ ኋላ ገፋው፣ መስታወቴን አጣመመው። ደሜ ፈላ። የፊቱ ወንበር የልብስ ሰፊዋ ስለሆነ መምህሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። አምስት ዓመት ሙሉ ከኋላ ተቀምጬባት አላውቅም።

ቁልቁለቱ ጋ ስንደርስ መምህሩ እጃቸውን ከመስኮቱ በላይ ሰደዱና የሆነ ነገር ጨበጡ። ዞር አልኩ። እንቅልፋሞቹም ዓይናቸውን ከፍተው እንደሳቸው ይዘዋል። ልብስ ሰፊዋም። ታጠፍን፣ ድልድዩን አለፍን፣ ሁሉም ለቀቁ።

«ሁልጊዜ እንዲህ ታደርጋላችሁ?» አልኳቸው ቀስ ብዬ።

«ከዚያ ቀን ወዲህ።»

«እኔ ስነዳም?»

መምህሩ ወደ መስኮቱ ዞሩ። «ያኔማ ከቤት እስከ ክሊኒክ ነበር» አሉ።

ሁለት ሳምንት። በየጉዞው «ደህና አደርሽ» ብለውኝ ገብተዋል፣ «እጅሽ ይባረክ» ብለውኝ ወርደዋል። እኔ ደግሞ ይቅር ብለውኛል እያልኩ ፊት ፊቱን ሳይ... ፊቴ ነደደ። የሚገባኝን አላውቅም። መጥላት ይሆን? ፍቅር ይሆን? ሌላ መኪና አጥተው ይሆን?

ስንመለስ ያው ቁልቁለት ዳገት ሆኖ መጣ። መምህሩ ሳይናገሩ ከመስኮቱ በላይ ያለውን መያዣ አሳዩኝ። በግራ እጄ ያዝኩ።